«አንተ» እስከ መቼ?

ዶርም ውስጥ ከላይና ከታች አልጋ ላይ የኖርነው ጓደኛዬ አምና የቡድናችን አለቃ ሆነ። አሁንም «አንተ» ነው የምለው። ግን የጻፍኩትን ኮድ «አስተካክለው» ብሎ ሲመልስልኝ፣ ትክክል እንደሆንኩ እያወቅኩ እንኳ፣ እንደ ድሮው «ዞር በል ባክህ!» ማለት አቃተኝ። ይሄ ሲከነክነኝ ነው ስለ ራስ እምሩ ማንበብ የጀመርኩት።

እምሩ ኃይለ ሥላሴና ተፈሪ መኮንን በወራት ልዩነት የተወለዱ ዘመዳሞች ናቸው። ሐረር ላይ ራስ መኮንን ቤት አብረው አደጉ፣ አብረው ተማሩ። ተፈሪ እናቱን ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ አባቱን በ1898 ዓ.ም. አጣ። (ልጆች ስለነበሩ ነው «አንቱ» ያላልኳቸው።) ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ተፈሪ ዘውድ ጫነ። ከዚያ ወዲያ «ጃንሆይ» እንጂ «አንተ» የለም።

በ1928 ጃንሆይ ሲሰደዱ እንደራሴ አድርገው የተዉት እምሩን ነው። አንዱ ባዝ ከተማ በስደት፣ ሌላው ምዕራብ ላይ ተዋግቶ በ1929 ከተማረከ በኋላ ፖንዛ ደሴት በእስር ቆዩ።

እኔን የያዘኝ ግን ታኅሣሥ 1953 ነው። ጃንሆይ ብራዚል እያሉ የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት አደረገ፤ ራስ እምሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ተብለው በሬዲዮ ታወጀ። ወደውም ይሁን ተገደው፣ እስካሁን ያከራክራል። ለገበሬው በማዘናቸው «ቀዩ ራስ» ይባሉ ስለነበር የተመረጡት በዘፈቀደ አልነበረም። ሙከራው ከሸፈ፤ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ተሰቀሉ። እምሩን ማንም አልነካቸውም።

ለምን? «ሥጋ ዘመድ ነዋ» ማለት ይቻላል። ግን ዙፋን ዘመድ ሲምር ብዙም አላየንም። እኔ እንደሚመስለኝ፣ በ68 ዓመታቸው ጃንሆይ ከዘውዱ በፊት የሚያውቃቸው ሰው ብዙ አልቀራቸውም። እሱን ቢያጡ፣ ሐረር ላይ አብሮ የሮጠውን ልጅ ማን ያስታውስላቸዋል?

ታሪኩ እዚያ አላበቃም። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ሲወርዱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የእምሩ ልጅ፣ ልጅ ሚካኤል እምሩ ነበሩ። ጃንሆይ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሞቱ። እምሩ እስከ 1972 ኖሩ።

ባለፈው ሳምንት ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ነገርኩት። «እና እኔ ጃንሆይ ነኝ?» አለኝ። ስቄ ዝም አልኩ። ኮዱን ግን እስካሁን አላስተካከልኩትም።