ሪፍሌክሶሎጂ ለካንሰር ሕሙማን

ሪፍሌክሶሎጂ በእግር፣ በእጅ ወይም በጆሮ ላይ የተወሰኑ ቦታዎችን በጣት በመጫን የሚሰጥ ደጋፊ ሕክምና ነው። የካንሰር ሕሙማን ድካምን፣ ጭንቀትንና የኬሞቴራፒን የጎንዮሽ ጉዳት ለማቅለል ከመደበኛው ሕክምና ጎን ለጎን ይጠቀሙበታል። ካንሰርን እንደሚያድን ወይም ዕጢን እንደሚያሳንስ የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

አመጣጥ

አሜሪካዊው የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ዊልያም ፊትዝጄራልድ ሰውነትን ከራስ እስከ እግር በ10 ቀጠናዎች የሚከፍለውን ሐሳባቸውን እ.ኤ.አ. በ1917 ከኤድዊን ባወርስ ጋር በመጽሐፍ አወጡ። በ1930ዎቹ ዩኒስ ኢንግሃም እያንዳንዱ የሰውነት ክፍል በውስጥ እግር ላይ የራሱ ቦታ አለው በማለት ካርታ ሠሩ። እንዲህ ያለ ግንኙነት በሰውነት ውስጥ መኖሩ አልተረጋገጠም። ስለዚህ አንድ ቦታ ሲጫኑት ማመሙ በሽታው ወደ ሌላ አካል ለመሰራጨቱ ምልክት ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

ጥናቶች

በግዌን ዋያት መሪነት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት፣ ደረጃው የገፋ የጡት ካንሰር ያለባቸው 385 ሴቶች ተሳትፈዋል። አንዱ ቡድን ሪፍሌክሶሎጂ፣ ሌላው ሙያውን ባልተማሩ ሰዎች ተራ የእግር ማሸት፣ ሦስተኛው የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኘ። ሪፍሌክሶሎጂ ያገኙት ሴቶች ትንፋሽ ማጠራቸው ከሁለቱም ቡድኖች ይልቅ ቀነሰ። የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴያቸውም ምንም ካልታሹት ተሻለ። ድካም የቀነሰው ግን ተራውን ማሸት ባገኙት ላይ ነው! ሕመም፣ ማቅለሽለሽ፣ ጭንቀትና ድብርት በሁለቱም አልተለወጡም። ከጥቅሙ ከፊሉ ከካርታው ሳይሆን ከመዳሰሱና ከዕረፍቱ የመጣ ሊሆን ይችላል። ይኸው ተመራማሪ በ2017 ባሳተሙት ሌላ ጥናት፣ ዘዴውን የተማረ ቤተሰብ ወይም ወዳጅ ለ4 ሳምንታት በቤት ሲሠራው የሕመም ምልክቶች ክብደት ቀንሷል።

ጥንቃቄ

ሕመምተኛው አስቀድሞ የካንሰር ሐኪሙን ማማከር አለበት። ቁስል፣ ኢንፌክሽን ወይም ስብራት ያለበት እግር አይታሽም። ካንሰሩ ወደ አጥንት ከተሰራጨ ወይም የደም ፕላትሌት ካነሰ ጠንካራ ጫና አደገኛ ነው። አንዳንድ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች እግርን ስለሚያደነዝዙ ሕመምተኛው ጫናው መብዛቱን ላያውቅ ይችላል። ካንሰር ደም በደም ሥር ውስጥ እንዲረጋ ስለሚያጋልጥ፣ አንድ እግር ብቻ በድንገት ቢያብጥ፣ ቢቀላ ወይም ቢያም ሳይታሽ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።