የተጓዥ ምርጫና የዕቅድ ግምት፤ ከሳን ፍራንሲስኮ የተገኘ ልምድ

በሴፕቴምበር 1972 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ የሚገኙትን ከተሞች የሚያገናኘው ባርት የተባለው ፈጣን ባቡር አገልግሎት ጀመረ። ከፍ ያለ የሕዝብ ገንዘብ የፈሰሰበት ሥራ በመሆኑ፣ ስንት ሰው ይሳፈርበታል የሚለው ጥያቄ የዋዛ አልነበረም። ይፋዊው ግምት ወደ ሥራ ከሚመላለሰው ሕዝብ 15 በመቶው በባቡሩ ይጠቀማል የሚል ነበር።

በዘመኑ የተለመደው የግምት ዘዴ ከተማውን በቀጠና ከፍሎ፣ ከአንዱ ቀጠና ወደ ሌላው የሚጎርፈውን ሰው ብዛት የፊዚክስን የስበት ሕግ በሚመስል ቀመር ያሰላ ነበር። በዚህ ዘዴ የቀጠናው አማካይ ይታያል እንጂ መራጩ ሰው አይታይም።

የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲው የኢኮኖሚ ሊቅ ዳንኤል ማክፋደን ግን ከመራጩ ተነሣ። እርሱና ባልደረቦቹ ባቡሩ ሙሉ አገልግሎት ሳይጀምር የ771 ተመላላሽ ሠራተኞችን የጉዞ ሁኔታ አጠኑ፤ በመኪና ወይስ በአውቶቡስ እንደሚሄዱ፣ ጉዞው የሚፈጀውን ጊዜና የሚያስወጣውን ገንዘብ መዘገቡ። ሰው ለራሱ የሚሻለውን ይመርጣል፤ ነገር ግን ለምርጫው ምክንያት የሚሆነው ሁሉ ለተመልካች ስለማይገለጥ፣ ሊሰላ የሚችለው አንዱን አማራጭ የመምረጡ ዕድል ብቻ ነው። ከተመዘገበው ምርጫ ሠራተኛው ለደቂቃና ለገንዘብ የሚሰጠው ክብደት ከታወቀ በኋላ፣ ገና ያልተሳፈረበትን ባቡር በአማራጭነት ጨምሮ ማስላት ይቻላል።

የሐሳቡ ሥር ከሥነ ልቡና የመጣ ነው። ተርስቶን በ1927 ሰው ሁለት ተቀራራቢ ነገሮችን ሲያመዛዝን ፍርዱ እንደሚዋዥቅ አሳይቶ ነበር፤ ሉስም በ1959 የምርጫን ዕድል በሒሳብ ደንብ አስቀመጠው። (ራሽ በ1960 ተማሪ ለፈተና ጥያቄ ትክክል የመመለሱን ዕድል ያሰላበት ቀመር ከዚሁ ጋር አንድ ዓይነት መልክ አለው፤ ለመምህራን ሞዴሉ እንግዳ የማይሆነው ለዚህ ነው።)

የማክፋደን ግምት 6.3 በመቶ ሲሆን፣ በተግባር የታየው 6.2 በመቶ ሆነ። ይህን ያህል መቀራረቡ የዕድል እገዛም እንዳለበት ማክፋደን ራሱ አልሸሸገም፤ ያም ሆኖ ከይፋዊው ግምት ጋር ያለው ልዩነት በዕድል ብቻ የሚገለጽ አይደለም።

ሞዴሉ ጉድለት አልነበረበትም ማለት አይደለም። አንድ ሰው በመኪና ወይም በቀይ አውቶቡስ የመሄድ ዕድሉ እኩል ነው እንበል። ከቀለሙ በቀር በምንም የማይለይ ሰማያዊ አውቶቡስ ሲጨመር፣ ቀመሩ ለሦስቱም ሲሶ ሲሶ ያካፍላል፤ የመኪናው ድርሻ ያለ በቂ ምክንያት ከ50 ወደ 33 በመቶ ይወርዳል። በእውነቱ ግን ሁለቱ አውቶቡሶች የሚሻሙት የራሳቸውን ግማሽ ነው። ከነባር ትምህርት ቤት አጠገብ ያንኑ የመሰለ ሌላ ትምህርት ቤት ሲከፈት የሚመጣውን የተማሪ ቁጥር በዚህ ቀመር የሚገምት ዕቅድ አውጪም በዚሁ ስሕተት ላይ ይወድቃል፤ የሁለተኛው ተማሪዎች በአመዛኙ የመጀመሪያው ተማሪዎች ናቸውና። ማክፋደን በ1978 ባወጣው ጥናት ተመሳሳይ አማራጮችን በአንድ ምድብ ሥር በማስቀመጥ፣ መጀመሪያ በምድቦች መካከል፣ ቀጥሎ በምድቡ ውስጥ ያለውን ምርጫ የሚያሰላ ሰፋ ያለ ቀመር አቀረበ። በ2000 ከጄምስ ሄክማን ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።