ከገዳሪፍ እስከ አሩስ፤ የኢየሩሳሌም የባሕር ጎዳና

ከምጽዋ ተነሥቶ የቀይ ባሕርን ምዕራባዊ ዳርቻ ይዞ ወደ ሱዋኪን የሚወጣ ጀልባ ሌትና ቀን መገስገስ አይችልም፤ ከየብሱ ጎን ለጎን ተዘርግቶ፣ አንዳንድ ስፍራ ክንድ በማይሞላ ውኃ ሥር ተሸሽጎ የሚገኘው የመርጃን ዐለት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ስለማይታይ የጀልባውን ሆድ ቀድዶ መንገደኛውን ለጥፋት ይዳርገዋልና። ስለዚህ በዚያ አገር ናኹዳ የሚባለው የጀልባ አለቃ ጎሕ ሲቀድ መልሕቁን ያነሣል፤ ፀሐይ ከጀርባው ሆና ውኃውን በምታበራለት ሰዓትም አንዱን መርከበኛ ከምሰሶው ላይ አውጥቶ፣ ጠቆር ያለው ሰማያዊ ጥልቅ፣ አረንጓዴው ስስ፣ ቡናማው ግን ዐለት መሆኑን እያስለየ ይጓዝና፣ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲበረታ ከመርሳዎቹ ወደ አንዱ ገብቶ ያድራል። መርሳ የሚባሉት እነዚያ ጠባብ የባሕር ሰርጦች አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት ደረቅ ወንዞች በዝናም ወራት ጎርፋቸውን ወደ ባሕር በሚያፈስሱበት ስፍራ ነው፤ መርጃን ደለልና ጨው የሌለው ውኃ አይስማማውምና ዐለቱ በዚያ በኩል ተከፍሎ ለጀልባ መግቢያ ይተዋል። በዚህ ምክንያት የዚህ ዳርቻ መንገደኛ፣ ወደደም ጠላም፣ ማታ ማታ ከየብስ ላይ የሚወርድ፣ የቤጃ ዘላኖችን ድንኳንና ግመል የሚያይ፣ ውኃና ወተት የሚገዛ፣ በማግሥቱም ያደረበትን ስፍራ በምልክት ለይቶ የሚሄድ ሰው ነበር። በቅርቡ ዘመንም ከባብ ኤል መንደብ ወደ ስዊዝ በሸራ ጀልባ የሚወጡ አገር ጎብኚዎች ይህንኑ ሥርዓት ይጠብቁ ነበር።

ገዳሪፍ ከዚህ ባሕር ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቃ በጥቁር የዋልካ መሬት ላይ የተቀመጠች፣ በማሽላዋና በሰሊጧ የታወቀች የሜዳ ከተማ ስትሆን፣ የባሕር ታሪክ ስጽፍ ስሟን ማንሣቴ አንባቢን ያስደንቅ ይሆናል። ነገር ግን ከጎንደር ወርዶ በመተማና በጋላባት፣ ከዚያም በገዳሪፍና በከሰላ አድርጎ ወደ ሱዋኪን የሚደርሰው ጎዳና ቡናውን፣ ሰሙን፣ ወርቁን፣ የሚያሳዝነውንም የባሪያ ንግድ ወደ ባሕር ያወርድ ስለ ነበር፣ ለሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ሰው የባሕር በሩ ምጽዋ ብቻ አልነበረችም። ከንግዱም ይልቅ እኔን የሚመስጠኝ ሌላው መንገደኛ ነው፤ ይኸውም ነፍሱን ብሎ፣ ቅድስት አገርን ለመሳለም የወጣው።

የጎዳናው ጥንታዊነት ከክርስትና በፊት ይጀምራል። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የግብጽ ንጉሥ ዳግማዊ በጥሊሞስ ለጦርነት የሚሆኑ ዝሆኖችን ከዚህ አገር ለማስያዝ ፈልጎ፣ በዛሬው የሱዳን ዳርቻ ደቡባዊ ክፍል ጰጦሎማይስ የተባለች፣ በአደን ሥራዋ የተሰየመች ሰፈር አሠርቶ ነበር። ዝሆኑን የሚጭኑት መርከቦች ሆዳቸው ጥልቅ፣ ክብደታቸውም ብዙ ስለ ነበር በዚያ ዐለታማ ባሕር እየተቸነከሩ ከነሰዎቻቸው ይጠፉ እንደ ነበር የጥንት ጸሐፍት መዝግበዋል። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በአንደኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የባሕረ ኤርትራ የጉዞ መጽሐፍም ይህችኑ ስፍራ ከአዱሊስ አስቀድሞ ይጠራታል። ዝሆኑ ግን ከሰቲትና ከአትባራ ወንዞች ዳርቻ ገና አልጠፋም ነበርና፣ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1861 እና በ1862 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኋላ በሕግ ካገባት ሴት ጋር በዚያ አገር ሲዞር፣ የሐምራን ዐረቦች በፈረስ ተጠግተው የዝሆኑን የኋላ እግር ጅማት በሰይፍ ሲቆርጡ ባይኑ አይቶ ጽፏል።

ወደ ተሳላሚዎቹ እንመለስ። አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ የቬኔሲያ ሰው በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በኢየሩሳሌም በኩል አድርገው ወደ ኢጣልያ የተሻገሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትን እየጠየቀ፣ ከአገራቸው የመጡበትን መንገድ ከቦታ ወደ ቦታ አስጽፎ ነበር። በእነዚያ ቃሎች ውስጥ ከአክሱም በድባርዋ አድርጎ ሱዋኪን የሚደርስ፣ ከሱዋኪንም ወደ ዓባይ ተሻግሮ ካይሮንና ኢየሩሳሌምን የሚያገናኝ ጎዳና ይታያል። እነዚህ አባቶች መቋሚያቸውን ይዘው፣ ምናልባትም ዳዊታቸውን በማኅደር አንግተው፣ በየከተማው የሚቀበላቸውን ምዕመን እየፈለጉ የሄዱ፣ ጉዟቸው ለአገር ማየት ሳይሆን ለመቃብረ ክርስቶስ የሆነ ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን የነገሩት ቃል የመንገድ ካርታ ሆኖ ለአውሮፓ የጂኦግራፊ ሊቃውንት ተረፈ። በገዛ አገራቸው ቋንቋ ጽፈውት ቢሆን ኖሮ ምን ያህል በበለጠን ነበር እያልሁ መቆጨቴን አልሸሽግም።

ሱዋኪንም ለዚህ ሁሉ መንገደኛ የምትመች ደሴት ነበረች። ባሕሩ በጠባብ ሰርጥ ወደ ውስጥ ገብቶ እንደ ኩሬ በሚሰፋበት ስፍራ መካከል የተቀመጠች ክብ ደሴት ስትሆን፣ ቤቶቿ ከባሕር በተፈለጠ የመርጃን ድንጋይ ተሠርተው በኖራ የተለሰኑ፣ በመስኮታቸውም ላይ ነፋስ የሚያስገባ፣ ሴቶችን ከውጭ ዓይን የሚሸሽግ የተቀረጸ የእንጨት ሰገነት የተገጠመላቸው ነበሩ። የአገሩ ሰው በትውፊት እንደሚናገረው፣ ከሐበሻ ምድር ለንጉሥ ሰሎሞን እጅ መንሻ የተላኩ ሰባት ደናግል በዚህች ደሴት አድረው፣ ኢየሩሳሌም ሲደርሱ ፀንሰው በመገኘታቸው ነገሩ በደሴቲቱ ጋኔን ተላከከ። የእኛ ክብረ ነገሥት የንግሥተ ሳባን ጉዞ ሲተርክ ስለዚህች ደሴት አንዳች አይልም፤ ይሁን እንጂ የባሕሩ ዳርቻ ሕዝብም ኢትዮጵያንና ኢየሩሳሌምን ሲያስብ መንገዱ በደጁ ማለፉን አለመርሳቱ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ክርስቲያኑ ብቻውን አልነበረም። ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ካለው አገር ወደ መካ በእግራቸው የሚሄዱ፣ ተክሩር የሚባሉ እስላሞች በመተማና በጋላባት ሰፍረው፣ የሐጅ ስንቃቸውን በሥራ እያጠራቀሙ ዓመታትን ያሳልፉ ነበርና፣ ያ አገር የሁለት ሃይማኖት መንገደኞች የሚገናኙበት ነበር። በ1814 ስዊስ ተወላጁ ዮሐን ቡርክሃርት ከአትባራ ወዲህ በጋሽ በኩል አድርጎ ሱዋኪን ደርሶ፣ ከነዚሁ ድሆች ሐጃጆች ጋር ለመተኛት ቀርቶ እግር ለመዘርጋት ስፍራ በሌለበት ጀልባ ተጭኖ ወደ ጅዳ ተሻግሯል፤ ጀልባውም በየማታው ከመርሳ እየገባ ነበር የሚያድረው።

ይህን ዳርቻ ግን ከሁሉ አስቀድሞ በእርጋታ ተመልክቶ በሥዕል የተወልን ፖርቱጋላዊው ዦዋን ደ ካስትሮ ነው። በ1541 በህንድ የፖርቱጋል ገዥ ኢስቴቫን ዳ ጋማ የቱርክን መርከቦች ከስዊዝ ለማጥፋት በየካቲት ከምጽዋ ሲነሣ፣ ደ ካስትሮ ከመርከቦቹ በአንዱ ላይ ሆኖ በየመርሳው የፀሐይን ከፍታ እየለካ፣ የነፋሱን አመጣጥና የዐለቱን አቀማመጥ እየጻፈ፣ የየወደቡን መልክ ከነመርከቦቹና ከነተራሮቹ እየሣለ ነበር የሄደው። ባሕሩ ለምን ቀይ እንደ ተባለ ለማወቅ ሲል ቀላ ብሎ ከሚታየው ስፍራ በዕቃ ውኃ አስቀድቶ ቢመለከት ከሌላው ባሕር ውኃ ያልተለየ፣ እንዲያውም የጠራ ሆኖ አገኘው፤ ጠላቂዎችን ወደ ታች ቢሰድድም ቀይ መርጃን ይዘውለት ወጡ። እነሆ፣ ስለዚህ ባሕር ለብዙ መቶ ዓመታት በመጽሐፍ ሲወራ ከኖረው ይልቅ አንድ ማድጋ ውኃና አንድ ጠላቂ የበለጠ አስረዱ። ከደ ካስትሮ መዝገብ ከሁሉ የምወድደው ይህን ገጽ ነው፤ ያው እጅ ግን የሱዋኪንን ወደብ አመስግኖ በሣለ በጥቂት ቀናት ውስጥ የጓዶቹ ጦር ከተማዪቱን በዝብዞ አቃጠላት። ከዚያም መርከቦቹ ስዊዝ ደርሰው ያሰቡት ሳይሆንላቸው ወደ ምጽዋ ተመለሱና፣ የገዥው ወንድም ክሪስቶቫን ዳ ጋማ 400 ሰው ይዞ ዐፄ ገላውዴዎስን ለመርዳት ወደ ደጋው ወጣ። የግራኝ ጦርነት ከሚነገርባቸው መጻሕፍት ይህን የባሕር ጉዞ የሚያነሡት ጥቂቶች ናቸው።

በ1555 ቱርኮች «ሐበሻ» ያሉትን ግዛት ሲያቋቁሙ ሱዋኪንን መቀመጫ አደረጓት፤ በ1865 ደግሞ ለግብጹ ገዥ ተላለፈች። የማህዲስቶች ጦርነት ጎዳናውን ለብዙ ዓመት ዘጋው፤ መተማም በ1889 የዐፄ ዮሐንስ መሰዊያ ሆነች። እንግሊዞች ትላልቅ መርከብ የሚያስገባ ወደብ ፈልገው ፖርት ሱዳንን ሠርተው በ1909 መረቁት፤ የባቡሩም ሐዲድ በከሰላ አድርጎ በ1928 ገዳሪፍ ሲደርስ፣ የገዳሪፍ እህል በግመል የሚሄድበት ዘመን አለፈ። የሱዋኪን ነጋድያን ቤታቸውን ትተው ወደ አዲሱ ወደብ ስለ ሄዱ፣ ኖራው የረገፈበት የመርጃን ድንጋይ ዝናምና የባሕር ነፋስ እየበላው ፎቅ በፎቅ ላይ ተናደ።

ባሕሩን ለማየት ብቻ የሚመጣ እንግዳ ከዚህ በኋላ የታየ ነገር ነው። በ1950 ገደማ ኦስትሪያዊው ሐንስ ሐስ በፖርት ሱዳን አጠገብ ጠልቆ ፊልም አነሣ፤ በ1963 ፈረንሳዊው ዣክ ኩስቶ በሻዕብ ሩሚ ከባሕር በታች ቤት ሠርቶ ሰዎች አኖረበት። ሐስ ካያቸው ነገሮች አንዱ የኡምብሪያ ስብራት ነው። ይህች የኢጣልያ መርከብ በሰኔ 1940 ለምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛት ጦር ከ300,000 በላይ ቦምቦች ጭና ስትሄድ፣ ኢጣልያ ጦርነት ማወጇን አዛዥዋ በሰማ ጊዜ ጭነቱ በእንግሊዝ እጅ እንዳይወድቅ እዚያው አሰጠማት። ዓሣ በመሐሉ የሚመላለስበት ያ ቦምብ ባይሰጥም ኖሮ በማን ላይ ይወርድ እንደ ነበር ለኢትዮጵያ ሰው መንገር አያስፈልግም።

እንግዲህ ወደ አሩስ ደረስን። በ1972 ኢጣልያውያን ነጋዴዎች ከፖርት ሱዳን በስተ ሰሜን ባለው በአሩስ የባሕር ዳርቻ ቀይ ጣራ ያላቸው 15 ትናንሽ ቤቶችና አንድ የመመገቢያ አዳራሽ ሠርተው የእንግዳ መንደር አቋቁመው ነበር፤ ነገር ግን መብራት፣ የሚጠጣ ውኃና መንገድ የሌለበት ስፍራ በመሆኑ ጥቂት ዓመት ሠርተው ተዉት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ራሳቸውን የአውሮፓ የጉብኝት ኩባንያ አስመስለው የመጡ የእስራኤል የስለላ ድርጅት የሞሳድ ሰዎች መንደሩን በ320,000 ዶላር ከሱዳን መንግሥት ተከራዩ። በቀን የካርቱም ዲፕሎማቶችን፣ የውጭ አገር ወታደሮችን፣ የሱዳን ባለ ሥልጣኖችን ሳይቀር እያስተናገዱ፣ ወደ መርጃኑ በጀልባ እየወሰዱና መጥለቅ እያስተማሩ፣ የሬዲዮ መሣሪያቸውን ግን የመጥለቂያ ዕቃ ከሚቀመጥበት ክፍል ደብቀው ይሠሩ ነበር። መንደሩም ትርፍ እስከ ማግኘት ደረሰ።

የሚጠብቁት እንግዳ ግን ሌላ ነው። ከጎንደር፣ ከወልቃይት፣ ከትግራይ የተነሡ ቤተ እስራኤል፣ አባቶቻቸው ሲመኙት የኖሩትን የኢየሩሳሌም መንገድ በእግር ጀምረው፣ ብዙዎቹ በሽፍታና በውኃ ጥም እያለቁ፣ ከገዳሪፍ አጠገብ በኡም ራኩባና በተዋዋ የስደተኞች ሰፈሮች ገብተው ነበር። ሱዳን የእስራኤል ባላጋራ ስለ ነበረች እዚያ ማንነታቸውን መናገር አይቻልም፤ ሰንበታቸውን ሳይቀር በስውር ነበር የሚጠብቁት። በሌሊት ከሰፈሩ ውጭ ወደ ተባለው ስፍራ ተመርተው ይሄዳሉ፤ በጭነት መኪና ሸራ ሥር ተደራርበው፣ የፍተሻ ኬላውን በጭንቀት እያለፉ፣ ቀን ቀን በደረቅ ወንዝ ውስጥ ተሸሽገው፣ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ከባሕሩ ይደርሳሉ። ባሕር የሚባለውን በጸሎትና በኦሪት ንባብ፣ እስራኤል ከግብጽ ሲወጣ የተከፈለውን ብቻ የሚያውቁ ሽማግሌዎችና እናቶች በጨለማ ውኃው ዳር ቆመው፣ የላስቲክ ጀልባ ተጠግቶ በእስራኤል ወታደር ክንድ እየተነሡ ይጫናሉ፤ ጀልባውም ከዐለቱ ወዲያ በጥልቁ ባሕር ከቆመችው ባት ጋሊም ከተባለችው መርከብ ያደርሳቸዋል። በመጋቢት 1982 የሱዳን ወታደሮች ደርሰው ስለ ተኮሱ፣ ከዚያ በኋላ የባሕሩ መንገድ ቀርቶ አውሮፕላን በበረሃ ማሳረፍ ተጀመረ፤ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ደግሞ በዘመቻ ሙሴ 8,000 ያህል ሰው ከካርቱም ተነሣ። በዚያ ዓመት ረኃብና ወረርሽኝ በኡም ራኩባ ሰው ሲጨርስ ነበርና፣ በመንገድና በሱዳን ያለቁት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። በ1985 የሱዳኑ ፕሬዚዳንት የኒሜሪ መንግሥት ሲወድቅ የመንደሩ አስተዳዳሪዎች በድንገት ጠፉ፤ እንግዶቹም በማግሥቱ ሲነቁ ያለ አስተናጋጅ ራሳቸውን ብቻ አገኙ።

በ2019 ስለዚህ መንደር ፊልም ወጥቶ ዓለም ተመልክቶታል፤ የተቀረጸውም በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ ነው። የውጭዎቹን ሰዎች ድፍረት አላሳንስም፤ ሕይወታቸውን ለአደጋ አጋልጠዋልና። ነገር ግን በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ሱዳን ገብቶ እርዳታ የሚለምነውን የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፈውና መንገዱን ካፈላለጉት አንዱ የትግራይ ተወላጁ ፈረደ አክሉም ነው። በገዳሪፍ ሰፈሮችም የኮሚቴ ሰዎች የሚባሉት ወጣት ቤተ እስራኤል ናቸው፤ ገንዘቡን በየቤተ ሰቡ በስውር ያከፋፈሉት፣ የማን ተራ እንደ ሆነ የወሰኑት፣ በሌሊት ከጎጆ ወደ ጎጆ እየሄዱ ሰውን ከእንቅልፍ ያስነሡት፣ ተይዘውም የተገረፉት እነርሱ ናቸው። በቋንቋችን የሚጻፈው የአሩስ ታሪክ ከባሕሩ ሳይሆን ከገዳሪፍ መጀመር አለበት፤ ከኮሚቴዎቹም በሕይወት ያሉት ዛሬ ሸምግለዋል፣ የሚጽፍ ሰውም ቶሎ ሊሄድላቸው ይገባል።