ወጋየሁ ንጋቱ፦ በሬዲዮ ገጠር የዘለቀው ተዋናይ

ፒያሳ ሲነሣ የወርቅ ቤቶቹና ሲኒማ ቤቶቹ ቀድመው ይታወሳሉ። በኢትዮጵያ የተውኔት ታሪክ ግን የአካባቢው ትልቁ ስፍራ ሀገር ፍቅር ቴአትር ነው። ማኅበሩ የጣሊያን ወረራ በተቃረበበት በ1927 ዓ.ም. በመኮንን ሀብተ ወልድ መሥራችነት ሲቋቋም፣ ዓላማው በንግግርና በዘፈን ሕዝቡን ለሀገር መከላከል ማነሣሣት ነበር። በወረራው ተቋርጦ ከነጻነት በኋላ ሥራውን ቀጠለ። በዚያ ዘመን ተዋናይነት እንደ ክብር ሙያ አይቆጠርም ነበርና፣ የሴት ገጸ ባሕርያትን ሳይቀር የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ።

ወጋየሁ ንጋቱ ይህ መንገድ በመጠኑ ከተጠረገ በኋላ ከመጣው ትውልድ ይመደባል። በ1950ዎቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበባት ማዕከል ዙሪያ ከተሰባሰቡት ወጣቶች አንዱ ሲሆን፣ በኋላም በጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶች ላይ በመተወን ስሙ ገነነ።

የፊልም ዕድል በዚያን ጊዜ ጠባብ ነበር። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ረጅም ፊልም የሚባለው «ሂሩት፣ አባቷ ማን ነው?» የተሠራው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከወጋየሁ የሙያ ባልደረቦች ደበበ እሸቱ በ1973 እ.ኤ.አ. ለዕይታ በበቃው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» በተሰኘው የአሜሪካ ፊልም ላይ ዋሳ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ተጫውቷል፤ ይህ ግን ለጥቂቶች ብቻ የተከፈተ በር ነበር። መድረክም ቢሆን ከአዲስ አበባ ብዙም አይርቅም። ቴአትር ቤት ደጅ ረግጦ ለማያውቀው ገበሬ ተዋናይ የሚደርሰው በሬዲዮ ነው።

ወጋየሁን ከከተማ ያሻገረውም የሬዲዮ ትረካው ነው። የሐዲስ አለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተርኮታል። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ማንበብ የሚችለው ሕዝብ ጥቂት ነበር፤ ታሪኩ ግን የጎጃም ገበሬ ታሪክ ነው። የማንኩሳው በዛብህ፣ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌል፣ ሥርዐቱን የሚነቅፈው ጉዱ ካሣ፣ በፊታውራሪው ላይ ያመፁትን ገበሬዎች የሚመራው አበጀ በለው፣ ሁሉም ከአንድ ሰው አንደበት ይወጣሉ። የፊታውራሪው ትዕቢት ከሰብለ ዝምታና ከጉዱ ካሣ ሽሙጥ ጋር አይምታታም። አድማጭ «እገሌ አለ» የሚለውን ሳይጠብቅ ተናጋሪውን በድምፁ ይለየዋል። በእኔ ግምት ይህ ከመድረክ ትወና ይከብዳል፤ ተራኪው የሚረዳው ልብስም ሆነ ብርሃን የለውም፤ ሲደክመው እንኳ ከመጋረጃ ጀርባ አያርፍም።

መጽሐፉን አውቀዋለሁ የሚሉ አንዳንድ የገጠር አዛውንቶች የያዙት ንባብ ሳይሆን ይህን ድምፅ ነው። ሲያወሩም ቃላቱን ብቻ ሳይሆን የወጋየሁን አነጋገር ጭምር ይደግሙታል። ደራሲው የጻፉት ግብር የሚያስጨንቀው ባላገር፣ ስለ ራሱ የተጻፈውን በገዛ ቋንቋው የሰማው በዚህ መንገድ ነበር።

ወጋየሁ በ1982 ዓ.ም. አረፈ። የመድረክ ሥራዎቹን በአካል ያዩት ሰዎች ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት እየመነመነ ነው። ትረካው ግን በካሴት ተገልብጦ፣ ኋላም ወደ ስልክ ተሻግሮ፣ ዛሬም ይደመጣል።