ዜና ጆን ሀርቪ፣ የእሳት አደጋ ጀልባ

በ1922 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ የካቲት 4 ቀን (ዘመኑን የምንጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው) ሙንሸን የተባለ የጀርመን መርከብ በኒው ዮርክ ወደብ በእሳት ተያዘ። ቶማስ ዊሌት የተባለው የእሳት አደጋ ጀልባም ሊያጠፋ ቀረበ፤ መርከቡ ሲፈነዳ የጀልባው መሪ ጆን ሀርቪ ሞተ። ከተማይቱም በ1924 ዓ.ም. አዲስ ጀልባ አሠርታ በስሙ ጠራችው። ርዝመቱ 130 ጫማ፣ በደቂቃ የሚረጨውም 18,000 ጋሎን፣ ማለት 68,000 ሊትር ያህል ውኃ ነበረ። በ1934 ዓ.ም. ኖርማንዲ የተባለችው መርከብ በተቃጠለች ጊዜ፣ በዓመቱም ጥይትና ቦምብ የጫነችው ኤል ኢስቴሮ ወደቡን ልታጠፋ በተቃረበች ጊዜ ከእሳቱ ፊት ቆመ። ከ60 ዓመት በላይ አገልግሎ ጡረታ ወጣ፤ በ1991 ዓ.ም. በጨረታ ሲሸጥ የገዙት የመርከብ ፍቅር ያደረባቸው ጥቂት ሰዎች ናቸው። ባይገዙት የብረት አቅላጭ ሲሳይ በሆነ ነበር።

ያደሱበት መንገድ ግን ያከራክራል። የጥንት ዕቃ ወዳጅ፣ ጀልባው ከፋብሪካ እንደ ወጣ ይሁን ይላል። ነገር ግን የመጀመሪያው የቤንዚን ሞተር ገና በአገልግሎት ላይ ሳለ በናፍጣ ሞተር ተተክቷል፤ ወደ ጥንቱ ይመለስ ቢባል ሠራተኞቹ ለብዙ ዘመን እሳት ያጠፉበት ጀልባ ይጠፋል። የሞተን እሳት አጥፊ ማክበር ሥራውን ማክበር ከሆነ፣ መሣሪያውም ሥራውን መሥራት መቻል አለበት። ቀለሙ አምሮ ፓምፑ የደረቀ ጀልባ ስሙን ይሸከማል እንጂ ስለ ሰውየው ምንም አይናገርም። ገንዘቡ በሕይወት ላሉት ሠራተኞች ቢውል ይሻላል የሚልም አለ። እውነት አለው፤ የከተማው ግምጃ ቤት ለአሮጌ ብረት ቢያፈስ እኛም በነቀፍን። ይህ ግን የግል ሰዎች ገንዘብና የበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ነበረ፤ ምን እንደ ተገኘበትም ታይቷል።

መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ ዳግመኛ በዘመነ ማርቆስ፣ በአገራችን ዕንቁጣጣሽ ሲከበር፣ የኒው ዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ፈረሱ፤ 343 የእሳት አደጋ ሠራተኞችም በአንድ ቀን አለቁ። የውኃው መስመር ከመሬት በታች ስለ ተሰበረ በየመንገዱ ያለው የእሳት ቧንቧ ደረቀ። ጆን ሀርቪ መጀመሪያ 150 ያህል ሰው ከማንሃተን አወጣ፤ ከዚያም የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ በሬዲዮ ጠርቶ «ማሪን 2» የሚለውን የጥንት መጠሪያውን መለሰለት። ፋየር ፋይተርና ጆን ማክኪን ከተባሉት ጀልባዎች ጋር ሆኖም የሃድሰንን ውኃ እየሳበ 80 ሰዓት ለእሳት አጥፊዎቹ አቀበለ። ይህ አጋጣሚ ነው የሚል ይኖራል። ጥሪው አጋጣሚ ነው፤ የሞተሩ መነሣት ግን የጠጋኞቹ ልፋት ነው። በማደሱ ላይ ከሁሉ የጠነከረው ተቃውሞ የመጣው ከዚያው ቀን ነው። «መሰላል 3» የተባለው የእሳት አደጋ ክፍል መኪና ፊቱ እንደ ተጨፈለቀ ከፍርስራሹ ወጥቶ በመታሰቢያው ሙዚየም ቆሟል፤ የክፍሉ 11 ሠራተኞች በዚያ ቀን ሞተዋል። እርሱን ማደስ ነውር በሆነ ነበር፤ ስብራቱ የሟቾቹ ምስክር ነውና። ጆን ሀርቪን የጎዳው ግን እርጅና እንጂ እሳት አይደለም፤ ዝገቱን ቢያራግፉለት ከሟቹ መታሰቢያ የሚጎድል የለም።