የግቢያችን ጎረቤት፦ ልደታ፣ የቀበሌ ቤትና የመሀል ከተማ ኑሮ

እንዲህ ባለው የመገናኛ መጽሔት ላይ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ግቢው ውስጥ ነው፤ ስለ ስቱዲዮው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ስላደረ ሞዴል፣ ስለ ካፌው ሽሮ፣ ስለ መምህራኖቻችን ቁጣና ቸርነት። ያንን ከእኔ በተሻለ የሚጽፉ የባቻችን ልጆች ሞልተዋል። እኔ ስለ አጥሩ ማዶ ልጻፍ ብያለሁ። ህንፃ ኮሌጅ የተማርን ሁሉ ልደታን በእግራችን እናውቃታለን። ዛሬ ብዙዎቻችን በከተማ ፕላን፣ በግንባታ፣ በቤቶች ልማት ወይም በማስተማር ሥራ ላይ ነን። ስለዚህ የልደታ ታሪክ የሙያችንም ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረቱን እ.ኤ.አ. ካላልኩ በቀር በራሳችን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር፣ “ሰፈር” የሚለውን ቃል እንመልከት። ሰፈር ማለት መጀመሪያ ጦር ያረፈበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ስትቆረቆር መኳንንቱ በየኮረብታው ቦታ ተሰጣቸው፤ ወታደሩ፣ አሽከሩና እጀ ጥበበኛው ደግሞ በጌታው ግቢ ዙሪያ ሰፈረ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ አሰፋፈር ምስክሮች ናቸው። በዚህ ምክንያት ባለጸጋውና ድሃው በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ወንዝ፣ በአንድ ደብር ኖሩ። እኩል ነበሩ ማለቴ አይደለም። አንዱ ጌታ፣ አንዱ ሎሌ ነበር። ቢሆንም ድሃው ሥራ ከሚገኝበት ቦታ ርቆ አልተጣለም።

ይህን ለመለወጥ በፕላን የሞከረው የመጀመሪያው መንግሥት የጣሊያን ወራሪ ነው። በ1928 ከተማዋን እንደያዘ ጣሊያናዊው በአንድ ወገን፣ “የአገሬው ሰው” በሌላ ወገን እንዲኖር የሚያደርግ ፕላን አስወጣ። ገበያውንም ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው የዚያ ውጤት ነው። አምስት ዓመት ግን ከተማ አገላብጦ ለመጨረስ አይበቃም። ጠላት ሲወጣ ገበያው እዚያው ቀረ፣ ሰዉም ተደባልቆ መኖሩን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ የእንግሊዙ አበርክሮምቢ፣ የፈረንሳዩ ደ ማሪየንና የሃንጋሪው ፖሎኒ በየተራ ፕላን አወጡልን። ኮሌጃችንም በዚሁ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ የኢትዮ ስዊድን የህንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ ተቋቋመ። መሀል ከተማው ግን ባለቦታው ለኪራይ በሠራቸው የጭቃ ቤቶች እየታጨቀ ሄደ።

ከዚያ 1967 መጣ። ሐምሌ 19 ቀን አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀና የከተማ ቦታ ሁሉ፣ ትርፍ ቤትም ሁሉ የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለው አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ነበር። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። ኪራይም ተቀነሰ፤ ዝቅተኛ ለሚከፍለው ቅናሹ እስከ ግማሽ ይደርስ ነበር። በአንድ ሌሊት የድሃው አከራይ መንግሥት ሆነ።

አዋጁ ያመጣውን ጉዳት ሁላችንም በክፍል ተምረነዋል። ሁለት ክፍል አከራይታ ልጆቿን የምታሳድግ ባልቴትም እንደ ትልቁ ባለርስት ተወረሰች። ቀበሌ በሚሰበስበው ኪራይ ጣሪያ እንኳ መቀየር አልቻለም። ተከራዩም የራሱ ላልሆነ ቤት ገንዘብ አያወጣም፤ ላውጣ ቢልም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ቤቶቹ ዘመሙ፣ ሽንት ቤቱ ሞላ፣ ቆርቆሮው ዛገ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን አዋጁ ማንም በፕላን ያላሰበውን አንድ ሌላ ነገርም አደረገ። ድሃውን መሀል ከተማ ላይ አጸናው። በሌላው ዓለም የመሬት ዋጋ ሲጨምር ድሃው ወደ ዳር ይገፋል። እኛ ዘንድ የቀበሌ ቤት ኪራይ ባለበት ስለቆመ፣ አሥር ብር የማይሞላ የሚከፍል ሰው ከሜክሲኮ አደባባይ በእግር በሚደረስበት ቦታ ልጆች አሳደገ።

ተማሪ ሳለን ለአንድ ኮርስ የልደታን የቀበሌ ቤቶች ሰርቬይ እንድንሠራ ተላክን። በእጃችን የተባዛ ፎርም ነበር፦ ግድግዳ፣ ወለል፣ ጣሪያ፣ ወጥ ቤት፣ ሽንት ቤት፣ የክፍል ብዛት፣ የቤተሰብ ብዛት። በእያንዳንዱ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ መጨረሻ ላይ ቤቱ “የተጎሳቆለ” ወይም “እጅግ የተጎሳቆለ” ይባላል። እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤቶች የሚያቀርቡ አንዲት እናት ቤት ገባን። በሜትር ስንለካ ዝም ብለው አዩንና፣ “ልጆቼ፣ ቤቱንስ ለካችሁት፤ መንገዱንስ ማን ይለካልኛል?” አሉን። ከዚያ እየቆጠሩ ነገሩን። እንጀራውን የሚወስዱት ደንበኞች በእግር አሥር ደቂቃ ናቸው። ትልቁ ልጅ የማታ ትምህርት የሚማረው ታክሲ ሳይዝ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለመድረስ የታክሲ ገንዘብ አያስፈልግም። እድሩ፣ እቁቡና የልደታ ማርያም ማኅበሩ ሁሉ እዚያው ናቸው። ሲታመሙ ምጣዱን የምትረከብ ጎረቤት አለች። ፎርሙ ላይ ለዚህ ሁሉ የተተወ አንድም መስመር አልነበረም።

እኚህ እናት ያሉት ነገር ዛሬ በዓለም ላይ ትልቅ የምርምር ርዕስ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ አምስት ከተሞች፣ ማለትም በባልቲሞር፣ በቦስተን፣ በቺካጎ፣ በሎስ አንጀለስና በኒውዮርክ፣ ድህነት በበዛባቸው የመንግሥት ቤቶች የሚኖሩ 4,600 ያህል ቤተሰቦች ዕጣ ወጣላቸው። ለአንዳንዶቹ የተሻለ ሰፈር ገብተው የሚከራዩበት ድጎማ ተሰጠ፤ ሌሎቹ ባሉበት ቀሩ። በመጀመሪያ የተደረጉት ጥናቶች በወላጆቹ ገቢ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኙም። ራጅ ቼቲ፣ ናትናኤል ሄንድረንና ሎረንስ ካትዝ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ጥናት ግን ልጆቹን አድገው አያቸው። 13 ዓመት ሳይሞላቸው ወደ ተሻለ ሰፈር የሄዱት፣ ካልሄዱት ይልቅ በአማካይ 31 በመቶ የበለጠ ገቢ አግኝተው ተገኙ። እንዲህ ያለውን ቦታ የዕድል ሰፈር ይሉታል። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ በአሜሪካ ድሃውን ወደ ዕድሉ ሰፈር ለመውሰድ ገንዘብ ወጣ። እኛ ዘንድ ድሃው ቀድሞውኑ እዚያው ነበር። የጎደለው ቤት እንጂ ቦታ አልነበረም።

የከተማው ትልቅ የቤት ሥራ የተጀመረው በ1990ዎቹ ነው። በ1996 አካባቢ በቦሌ ገርጂ በጀርመኖች የቴክኒክ እርዳታ የሙከራ ኮንዶሚኒየም ተሠራ፤ በአቶ አርከበ ዕቁባይ ከንቲባነት ዘመን ሥራው ወደ ከተማው ሁሉ ሰፋ። የዚህን ፕሮግራም ውለታ መካድ አይገባም፤ ከመካከላችን ስንቶቹ የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ያገኙት በዚህ ሥራ አይደል? በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የራሳቸው ሽንት ቤትና ወጥ ቤት ያለው መኖሪያ አገኙ። ከዕጣው 30 በመቶ ለሴቶች ተለይቶ መያዙ ብዙ እናቶችን በስማቸው የቤት ባለቤት አድርጓል። ብሎኬቱ፣ ቅድመ ግንባታው፣ ጥቃቅንና አነስተኛው ሁሉ ያደገው በዚሁ ሥራ ነው።

በልደታ የሆነው ግን ለብቻው መታየት አለበት። በ2002 ገደማ የቀበሌ ቤቶቹ ፈርሰው ሰፈሩ እንደ አዲስ ተሠራ። ለተከራዩ የቀረበለት ምርጫ ሁለት ነበር፤ ወይ ኮንዶሚኒየም መግዛት፣ ወይ ሌላ ቦታ ምትክ የቀበሌ ቤት መውሰድ። ቤቱ የራሱ ስላልነበረ የቤት ካሳ በሕግ አይመለከተውም። ኮንዶሚኒየም ለመግዛት 20 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ያስፈልጋል፤ የቀረው በባንክ ብድር በየወሩ ይከፈላል። እንጀራ ለሚጋግር ሰው ቅድሚያ ክፍያው ራሱ ትልቅ ተራራ ነው። ተበድሮ የከፈለውም ቢሆን ወርኃዊው ክፍያ ሲከብደው ቤቱን ለሌላ አከራይቶ እሱ ርካሽ ቦታ ይከራያል። በየሳይቱ ስንዞር ያየነው ነው። ሕጉ ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ ይከለክላል እንጂ እንዳያከራይ አይከለክልም።

በ2008 መስከረም ቀላል ባቡሩ ሥራ ጀመረ፤ አንዱ ጣቢያው ልደታ ነው። በዙሪያውም ፎቆች ተነሡ። ሰፈሩ ዛሬ ከመቼውም በላይ ለሥራ፣ ለትምህርት፣ ለሕክምና የቀረበ ነው። የጎደሉት ድሮ እዚያ የነበሩት ሰዎች ናቸው። ያ በቦታው ላይ የተፈጠረ ዋጋ፣ ሰፈሩን በክፉ ዘመን ይዘው ለቆዩት ሳይሆን በኋላ ለመጡት ሆነ። የማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ምሁሩ ገብሬ ይንቲሶ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ከመሀል ከተማ ተነሥተው ወደ ዳር የሄዱ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ቤተሰቦች ተመልክተው ነበር። ያገኙትም የልደታዋ እናት የቆጠሩልንን የሚመስል ነው፤ የሥራ ቦታ መራቅ፣ የደንበኛ መጥፋት፣ የጎረቤት መረዳጃ መበጠስ። ጥናቱ የወጣው የልደታ ቤቶች ከመፍረሳቸው በፊት መሆኑ ነው የሚገርመኝ።

ይህን የምጽፈው ያለፈውን ለማልቀስ አይደለም። የጭቃ ቤት እሳት ሲነሣ ምን እንደሚሆን፣ ክረምት ላይ የሞላ ሽንት ቤት ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰው “ይቆይ እንዳለ” አይልም። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ ሲነሣ አዲስ መንገድ፣ የእግረኛ መሄጃና የፍሳሽ መስመር እንደተሠራ አይተናል። ከተማ መታደስ አለበት። ጥያቄው ሲታደስ በአሮጌው ሰፈር የነበረው ሰው የት ይሆናል የሚለው ነው። ለዚህ ደግሞ የራሳችን ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምረናል።

አንደኛ፣ የመሀል ከተማ ነዋሪ ሁሉ ቤት ገዢ ሊሆን አይችልም። ኪራይ ያስፈልጋል። የቀበሌ ቤት የተበላሸው ኪራይ በመሆኑ ሳይሆን ኪራዩ ለጥገና ስለማይበቃና ሌላ የጥገና ገንዘብ ስላልተመደበለት ነው። ሁለተኛ፣ ከሊዝ የሚገኘው ገንዘብ የሚመነጨው ከዚያው ቦታ ነው። በመሀል ከተማ በሚወጣ እያንዳንዱ ትልቅ ይዞታ ላይ የተወሰነ ድርሻ ለዝቅተኛ ገቢ ኪራይ ቤት ቢያዝ ገንዘቡ ከሰማይ አይለመንም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ የከተማ አካባቢ ኮሚዩኖች ከቤቶቻቸው 20 በመቶ፣ በኋላም ብዙዎቹ 25 በመቶ፣ ማኅበራዊ ኪራይ ቤት እንዲሆን አዛለች። የማያሟላው ይቀጣል። አንዳንድ ባለጸጋ ከተሞች ቅጣቱን መክፈል ቢመርጡም ሕጉ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ነው። እኛ ደግሞ መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ ከእነሱ ይልቅ ይቀለን ነበር።

ለአሁኖቹ መምህራን አንድ ነገር ልጠይቅ። ተማሪዎች ዛሬም ሰርቬይ ይወጣሉ፤ ፎርሙ ወረቀት መሆኑ ቀርቶ ስልክ ላይ ገብቷል። ከግድግዳና ከጣሪያ ቀጥሎ አራት ጥያቄ ይጨመርበት፦ ሥራህ በእግር ስንት ደቂቃ ነው? ልጅህ ትምህርት ቤት በምን ይሄዳል? የምትሸጠውን የሚገዛህ ማን ነው? ስትታመም ማን ይደርስልሃል? እነዚህ ካልተጻፉ ተነሺው ምን እንደሚያጣ በፕላኑ ላይ አይታይም፤ ያልታየ ነገር ደግሞ አይካካስም።

ለእኛ ለቀድሞ ተማሪዎችም ሥራ አለን። በየቤታችን፣ በየአልጋው ሥር፣ በቆርቆሮ ቱቦ ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት አለ። ልደታን፣ ተክለ ሃይማኖትን፣ አራት ኪሎን፣ አራዳን በሜትር ለክተን፣ በቀለም ስለን፣ ለውጤት አስረክበን የተመለሰልን ነው። ከእነዚያ ሰፈሮች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። ማን የት ይኖር እንደነበር፣ የጋራ ቧንቧው የት እንደነበር፣ የእድሩ ድንኳን የት ይተከል እንደነበር የሚያሳየው ያ የተማሪ ሥራ ሊሆን ይችላል። ለዚህ መገናኛ ስትመጡ ይዛችሁት ኑ፤ ማኅበራችን ስካን አስደርጎ ለቤተ መጻሕፍቱ ያስረክብ። ነገ ስለ መሀል ከተማ ቤት የሚወስን ሰው ከባዶ መሬት እንዳይጀምር የምናበረክተው ትንሹ ነገር ይኸው ነው።