ሪል ኤል

እንግሊዝ አገር መጠጥ ቤት ገብቶ «ሪል ኤል» (እውነተኛ ቢራ) የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው «ሌላው ሐሰተኛ ነው እንዴ?» ቢል አይፈረድበትም። ስያሜውን ያስፋፋው በ1971 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ካምራ የተባለ የጠጪዎች ማኅበር ነው። ትርጉሙ፦ እርሾው ሳይሞት በርሜሉ ውስጥ መፍላቱን የሚቀጥል፣ ጋዝ ሳይጨመርበት የሚቀዳ ቢራ። እንደ ድራፍት በጋዝ ግፊት አይወጣም፤ ቀጂው ረጅሙን እጀታ ወደ ራሱ እየሳበ ከምድር ቤት ያወጣዋል። አተላው ከታች ስለሚዘቅጥ በርሜሉ አይነካካም። ቅዝቃዜው ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ስለሆነ፣ በረዶ የመሰለ ቢራ የለመደ አበሻ «ሞቋል» ብሎ ይመልሰው ይሆናል።

እንደ ዌዘርስፑን ያሉ ባለብዙ ቅርንጫፍ መጠጥ ቤቶች ምግቡን በስልክ አሳዝዘው ጠረጴዛ ድረስ ቢያመጡም እጀታውን አልጣሉም። የተከፈተ በርሜል በጥቂት ቀን ካላለቀ ይኮመጥጣልና፣ እኔ ብሆን ካማረ ቤት ይልቅ ጠጪ የሚበዛበትን እመርጣለሁ።